ባሕር ዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ በረራው ለምን ይቀራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥቅምት ጠዋት፣ በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የመሳፈሪያ አዳራሽ ውስጥ ነጭ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር። የአዲስ አበባው በረራ የሚነሳበት ሰዓት አልፏል፤ ውጭ ግን በጣና በኩል ያለው ሰማይ አንዲት ብጣሽ ደመና እንኳን አልነበረበትም። አዛውንቱ በአጠገባቸው የምታልፈውን ሠራተኛ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ሳለ አውሮፕላኑን ምን አገኘው?» ሲሉ ጠየቋት። እርሷም ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ የጠራው የእኛ ሰማይ ነው፤ አውሮፕላኑ ያለው ገና ሌላ ሰማይ ሥር ነው» አለቻቸው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ የገባቸው አይመስሉም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አጠገባቸው የነበርነውም በደንብ አልገባንም።

መልሷ አጭር ይሁን እንጂ ስለ አንድ አነስተኛ የክልል አውሮፕላን ማረፊያ መታወቅ ያለበት ዋና ነገር በእርሱ ውስጥ ተጠቅልሏል። ማረፊያው ያለው ባሕር ዳር ቢሆንም፣ በቀን ስንት በረራ እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ በምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚሆንና መቀመጫው በስንት ብር እንደሚሸጥ የሚወስነው በአብዛኛው ከባሕር ዳር ውጭ ያለ ነገር ነው። በረራ ሲጨመር «ከተማችን ተፈላጊ ሆነች»፣ ሲቀነስ ደግሞ «ሆን ብለው ገፉን» የሚለው ወሬ በየሻይ ቤቱ የሚነሳውም ይህ አሠራር ለተሳፋሪው ስለማይታይ ነው።

ስለ የትኛው ማረፊያ ነው የምንነጋገረው?

ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል የነበረውና ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ አውሮፕላኖች የሚነሱበትና የሚያርፉበት መንደርደሪያው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እንግዲህ አነስተኛ የምንለው በመንደርደሪያው አይደለም፤ 3 ኪሎ ሜትር ለትልቅ ጄትም የሚበቃ ነው። አነስተኛ የሚያሰኘው በቀን የሚያስተናግደው በረራ ጥቂት መሆኑና፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በረራ የሚሄደው ወደ አንድ ከተማ፣ ማለትም ወደ አዲስ አበባ መሆኑ ነው።

በአየር ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በረራው አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በመኪና ግን መንገዱ በሞጣ ሲሆን አጠር፣ በዳንግላ ሲሆን ረዘም እያለ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ በመካከሉም ከጎሐ ጽዮን አውርዶ ወደ ደጀን የሚያወጣው የአባይ በረሃ አለ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ሲዘጉ፣ አውሮፕላን የምቾት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ሪፈር ለተጻፈለት ታማሚ፣ የቪዛ ቀጠሮ ለያዘ ወጣት፣ ለቅሶ ለሚደርስ ቤተሰብ ብቸኛ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ በዝቷል። አንድ በረራ ሲታጠፍ ከተማው ሁሉ የሚነጋገርበትም ለዚህ ነው።

አውሮፕላኑ የት ነው የሚያድረው?

ብዙ ሰው «የባሕር ዳር አውሮፕላን» ሲል፣ ለባሕር ዳር ተመድቦ እየተመላለሰ የሚሠራ አንድ አውሮፕላን በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል። እንዲህ ያለ አውሮፕላን የለም። አንድ የአገር ውስጥ አውሮፕላን በአንድ ቀን ብዙ ከተሞችን እየነካ ይውላል፤ በሙያው ቋንቋ ይህ የቀኑ ሰንሰለት «ሮቴሽን» ይባላል፤ እኛ እዚህ «ውሎ» እንበለው። የውሎው መነሻና መድረሻ ብዙውን ጊዜ ቦሌ ነው፤ ምክንያቱም የጥገና ጋራዡ፣ መለዋወጫው፣ ተተኪ አብራሪውና ተተኪ አውሮፕላኑ ያሉት እዚያ ነው።

ለምሳሌ አንድ አውሮፕላን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከቦሌ ተነስቶ ጅማ ደርሶ ይመለሳል እንበል። ከዚያ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ባሕር ዳር ይነሳል፤ አድርሶ፣ ጭኖ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ፣ ማምሻውን ደግሞ እንደገና ባሕር ዳር። አሁን ጅማ ላይ የጠዋት ጉም አንድ ሰዓት ቢያቆየው ምን ይሆናል? የባሕር ዳሩ ጠዋት አንድ ሰዓት ይዘገያል፤ የድሬዳዋው ይዘገያል፤ የባሕር ዳሩ የማታ በረራም ይዘገያል፤ ባሕር ዳር ላይ ግን ጉም የሚባል ነገር ያየ የለም። አንድ የነፍስ አባት በበዓል ቀን አምስት ቤት ማዕድ እንዲባርኩ ቢጠሩና የመጀመሪያው ቤት «አባቴ፣ ትንሽ ይቅመሱልን» እያለ ቢያቆያቸው፣ የአምስተኛው ቤት ወጥ የሚቀዘቅዘው በአምስተኛው ቤት ጥፋት አይደለም። ነገሩ እንዲያ ነው።

የተባከነውን ሰዓት በመካከል ለመመለስ ያለው ዕድል ጠባብ ነው። ማረፊያው ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። አውሮፕላኑ ቆሞ ፕሮፔለሩ ሲረጋ ከበሩ ጋር የተያያዘው አጭር ደረጃ ይዘረጋል፤ ተሳፋሪው የእጅ ቦርሳውን እንደያዘ በእግሩ ወደ ተርሚናሉ ያዘግማል፤ ከኋላ በኩል ሻንጣው፣ ካርቶኑ፣ በገመድ የታሰረው ጆንያ ይራገፋል፤ አንደኛው አብራሪ ጎማውንና የሞተሩን ዙሪያ እየተመለከተ አውሮፕላኑን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ውስጡ ይጸዳል፤ ተመላሾቹ ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል። ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያልቃል። ከዚህ ላይ አምስት ደቂቃ ይቆረጥ ይሆናል እንጂ አንድ ሰዓት ከየትም አይገኝም።

ከውሎው የሚመጣ፣ እምብዛም የማይነገር ሌላ ውጤትም አለ። አውሮፕላን ባሕር ዳር ካላደረ፣ የባሕር ዳር የመጀመሪያ በረራ ሊነሳ የሚችለው የአዲስ አበባው የመጀመሪያ በረራ ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት መጥቶ፣ ስብሰባውን ተሳትፎ፣ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ የባሕር ዳር ሰው ግን አዲስ አበባ ለሁለት ሰዓት ተኩል ቀጠሮ ካለው በዋዜማው ሄዶ የማደሪያ መክፈል አለበት። «አውሮፕላኑ እዚሁ ቢያድርስ?» ማለት ይቻላል፤ ይቻላልም፤ ነገር ግን ለአብራሪዎቹና ለአስተናጋጆቹ ማደሪያ፣ ለአውሮፕላኑ ጥበቃ፣ ጠዋት አንድ ነገር ቢበላሽ የሚጠግን ቴክኒሻንና መለዋወጫ እዚያው ያስፈልጋል። እኔ ከበረራ ቁጥር ይልቅ የከተማዋን ነጋዴና ሐኪም የሚነካው ይህ የሰዓት ጉዳይ ይመስለኛል፤ ሲያነሳው የምሰማው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሳይዘገይ መድረስ ለሚፈልግ መንገደኛ ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው፦ ከውሎው መጀመሪያ ላይ ያለውን በረራ መምረጥ፤ ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ በውሎው መጨረሻ ባለ በረራ ላይ አለመተማመን።

ለምን እንደ ሚኒባስ ሞልቶ አይነሳም?

መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጠራል፤ የጎደለው ሲሟላ ሾፌሩ ሞተር ያስነሳል። የመዘግየቱን ዋጋ ቀድሞ የገባው ተሳፋሪ በትዕግሥቱ ይከፍላል እንጂ ባለመኪናው አይከስርም። አውሮፕላን ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚቀጥለው ከተማ እየጠበቀው ነውና። ሞላም ጎደለም በሰዓቱ መነሳት አለበት፤ የነዳጁ፣ የአብራሪው፣ የጥገናውና የኢንሹራንሱ ወጪም ሠላሳ ሰው ቢጭን ሰባ ሰው ቢጭን እምብዛም አይለያይም።

ስለዚህ ባዶ መቀመጫ ለአየር መንገድ ማምሻውን እንደተረፈ ዓሣ ነው። ከጣና የወጣ ቀረሶ ጠዋት አንድ ዋጋ አለው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ዋጋ፣ በማግስቱ ግን የሚነካው የለም። እንዲያውም መቀመጫ ከዓሣው ይብሳል፤ ዓሣ ቢያንስ ደርቆ ቋንጣ ይሆናል፤ መቀመጫ ግን በሩ ሲዘጋ አብሮ ያከትማል።

ከዚህ ነው የበረራ መቀነስና መታጠፍ የሚመጣው። በአንድ ቀን ሦስት በረራ ተይዞ በእያንዳንዱ ላይ 25 ሰው ብቻ ቢመዘገብ፣ ሦስቱ ተደምረው 75 ሰው ናቸው፤ ይህ በአንድ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሊጫን የሚችል ሰው ነው። ሁለቱን አጥፎ ሁሉንም በአንዱ መጫን ለአየር መንገድ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ «ሞልቶ መነሳት» ማለት በአውሮፕላን ቋንቋ ይህ ነው። በየትኛውም አገር ያሉ አየር መንገዶች እንዲህ ያደርጋሉ። ልዩነቱ፣ ሚኒባሱ ላይ መጠበቅህን ቆመህ ታያለህ፤ እዚህ ግን የሚደርስህ በስልክህ የሚመጣ አጭር መልእክት ነው፤ ትኬት የቆረጠልህ ኤጀንት የራሱን ስልክ ቁጥር አስመዝግቦ ከሆነ ደግሞ መልእክቱም አይደርስህም። ትኬት ሲቆረጥ የራስን ቁጥር ማስመዝገብ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ የሚያተርፍ ጥንቃቄ ነው።

ዋጋው ለምን ከሰው ሰው ይለያያል?

በአንድ በረራ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። አየር መንገዶች የአንድን አውሮፕላን መቀመጫዎች በዋጋ ይመድቧቸዋል፤ ርካሾቹ ጥቂት ናቸው፣ እነርሱ ሲያልቁ ሽያጩ ወደሚቀጥለው ምድብ ይሸጋገራል። የዓሣው ምሳሌ ያነከሰው እዚህ ላይ ነው፤ ዓሣ ሻጭ ሲመሽ ዋጋ ይቀንሳል፣ አየር መንገድ ግን መነሻው ሲቀርብ ይጨምራል። በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣው መንገደኛ ታማሚ ያለበት ወይም ለቅሶ የሚደርስ፣ አማራጭ የሌለው ሰው መሆኑን ሥርዓቱ ያውቃልና። ለተሳፋሪው መራራ ቢሆንም አሠራሩ ይህ ነው። ጥር ላይ የጥምቀት እንግዳ ወደ ጎንደር ሲጎርፍ፣ በሠርግ ወራት፣ ተማሪ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ሰሞን ርካሾቹ ምድቦች ቶሎ ያልቃሉ፤ በክረምት ደግሞ ጎብኚው ስለሚመናመን ይከርማሉ።

ከውጭ አገር በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ጎብኚ ለአገር ውስጥ በረራው ቅናሽ የሚያገኘውም ከዚሁ ስሌት ነው፤ የረጅሙን መንገድ ትኬት እንዲገዛ የሚያባብለው አጭሩ መንገድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ የምንዛሪ ጉዳይ አለ። ተሳፋሪው በብር ይከፍላል፤ ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ የአውሮፕላኑ ዕዳ ወይም ኪራይና ኢንሹራንሱ ግን የሚከፈሉት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። የአንድ በረራ ወጪ በዶላር ሳይለወጥ በብር ወደ እጥፍ ሲጠጋ፣ የአገር ውስጥ ትኬት ከዚህ ጫና ውጭ ሆኖ ሊቆይ አይችልም።

አንድ ቀን ፕሮፔለር፣ ሌላ ቀን ጄት የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጣና ዳር ያደጉ ትልልቅ ሰዎች ዳኮታ የሚባለውን አሮጌ አውሮፕላን ያስታውሳሉ። ከእርሱ ወዲህ በአገር ውስጥ መስመር ፎከር 50፣ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ቦምባርዲየር ኪው 400 የሚባለው፣ ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ዋናው የሥራ ፈረስ ሆነ። ከዚህ ጎን ከ150 በላይ ሰው የሚጭነው የቦይንግ 737 ጄትም ተሳፋሪ በሚበዛባቸው መስመሮች ይሠራል።

ፕሮፔለርን «የድሮ»፣ ጄትን «የዘመናዊ» አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። የአውሮፕላን ነዳጅ በየደቂቃው በብዛት የሚቃጠለው ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚያቃስተውን የጭነት መኪና ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ረጅም በረራ ላይ ይህ የሽቅቡ ወጪ ለብዙ ሰዓት ስለሚካፈል ይቀላል። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል ግን ጄቱ ከፍ ብሎ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል፤ ፍጥነቱ የሚያተርፈው ደቂቃዎችን ብቻ ሲሆን የሚያቃጥለው ግን ይበልጣል። ለአጭር መንገድ የተሠራው ፕሮፔለሩ ነው። ጎማውና ሞተሩም የሚያረጁት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በተነሱና ባረፉ ቁጥር ስለሆነ፣ አጭር መስመር ለማንኛውም አውሮፕላን ውድ ነው።

ታዲያ ጄቱ ለምን ይመጣል? አንድም ሰው ሲበዛ፣ አንድም ፕሮፔለሩ ሲጎድል። የኪው 400 አምራች አዲስ ማምረት ካቆመ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ ያሉትን እየጠገኑ መሥራት እንጂ አዲስ ማዘዝ አይቻልም። ተሳፋሪው ሊያስተውለው የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ ሁለት የፕሮፔለር በረራ በአንድ የጄት በረራ ሲተካ የመቀመጫው ቁጥር አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የሰዓት ምርጫው ነው። «መቀመጫ ጨምረናል» የሚለው ዜናና «በረራ ቀነሰብን» የሚለው ቅሬታ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጎንደር ወይም ላሊበላ ለመሄድ ለምን አዲስ አበባ እንመለሳለን?

ባሕር ዳር ቆሞ ላሊበላ ለመብረር ወደ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ሄዶ ተመልሶ ወደ ሰሜን መብረር ለአእምሮ አይዋጥም። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። አንድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እየነካ የሚሄድበት ዘመን ነበር፤ ጎብኚው የሰሜኑን ጉዞ የለመደው በዚህ መልክ ነው።

በሰንሰለት መሄድ ግን መዘግየትን ከከተማ ወደ ከተማ ያወርሳል፤ በየከተማው የሚወርደውና የሚወጣው ሰው ስለማይመጣጠንም በአንዱ የጉዞ ክፍል መቀመጫ ባዶ ይሆናል፣ በሌላው ቦታ ጠፍቶ ሰው ይቀራል። አምስት ከተሞችን እርስ በርስ በቀጥታ ለማገናኘት ደግሞ አሥር መስመር ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዱን ማዕከል አድርጎ ሁሉንም በእርሱ በኩል ለማገናኘት ግን አራት መስመር ይበቃል። በአራቱ መስመሮች ላይ የሚጓዘው ሰው ስለሚጠራቀም አውሮፕላኑ ይሞላል። ቦሌን ማዕከል ማድረግ ለድርጅቱ የሚያዋጣው፣ ለባሕር ዳር–ጎንደር መንገደኛ ግን የማያመቸው ለዚህ ነው። የሁለቱ ከተሞች የመኪና መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሰላም በሆነ ጊዜ ማንም በአየር አያስበውም ነበር።

ሌላ አየር መንገድ ለምን አይመጣም?

በሻይ ቤት ክርክር ላይ «የኬንያው ይምጣ፣ የዱባዩ ይምጣ» ይባላል። ነገሩ ግን በፍላጎት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ7ኛው አንቀጹ፣ አንድ አገር በግዛቱ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ሰው የማጓጓዝን ሥራ ለውጭ አየር መንገድ የመከልከል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አብዛኞቹ የዓለም አገሮችም ይህን መብት ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነው ነጠላ የአፍሪካ አየር ትራንስፖርት ገበያ እንኳን የሚከፍተው በአገሮች መካከል ያለውን ሰማይ እንጂ የአገር ውስጡን አይደለም።

የቀሩት አገር በቀል የግል ኦፕሬተሮች ናቸው፤ ሥራቸው በአመዛኙ በአነስተኛ አውሮፕላን የሚሰጥ የኪራይ በረራ ነው። በመደበኛ መስመር ለመግባት ከላይ ያነሳነውን የባዶ መቀመጫ ኪሳራ የሚሸከም ጉልበት ይጠይቃል። ሌላም ነገር አለ፤ ከ2009 ዓ.ም ወዲህ የአገሪቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ስለተጠቃለሉ፣ ማረፊያውን የሚያስተዳድረውና ዋነኛው ደንበኛው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ደኅንነትን የሚቆጣጠረው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ግን የተለየ መሥሪያ ቤት ነው።

ከባሕር ዳር በቀጥታ ወደ ውጭ መብረር አይቻልም?

ታንኳ ቀዛፊ የሚገፋው መቅዘፊያው ውሃ ሲይዝለት ነው። አውሮፕላንም ክንፉና ሞተሩ አየር ሲይዙለት ይነሳል፤ ከፍታ ሲጨምርና ሙቀት ሲበረታ አየር ይሳሳል። መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ አውሮፕላኑ የሚሰማው አየር 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ያህል ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህሉ ጎድሎታል ማለት ነው። ስለዚህ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ወይም ቀለል ብሎ መነሳት አለበት። ወደ አዲስ አበባ ሲሆን የሚይዘው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ ይህ እምብዛም አያስጨንቅም። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ዱባይ ሲሆን ግን የነዳጁ ክብደት የሰውንና የሻንጣን ቦታ መሻማት ይጀምራል። ቢሆንም ዋናው ማነቆ ይህ አይደለም፤ ቦሌም ከባሕር ዳር በ500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በየቀኑ ረጃጅም በረራዎችን ያስነሳል። ዋናው ጥያቄ በየሳምንቱ ሳያቋርጥ ወደ አንድ የውጭ ከተማ የሚሄድ 150 ሰው መገኘቱ፣ ከዚያም ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክና የጤና ቁጥጥር በቋሚነት መቀመጣቸው ነው።

ግጭት ሲነሳ በረራ የሚቆመው በማን ውሳኔ ነው?

ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም ምሽት ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬቶች ተተኮሱ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ባሕር ዳርን ጨምሮ ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ተቋርጠው ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ውሳኔው ከአንድ ቦታ አይመጣም። የአቪዬሽን ባለሥልጣን ሰማዩን ወይም ማረፊያውን ሊዘጋ ይችላል፤ ይህንንም «ኖታም» በሚባል ለአብራሪዎች በሚሰራጭ ማስታወቂያ ያሳውቃል። አየር መንገዱም ሰማዩ ሳይዘጋ በራሱ ግምገማ ሊያቆም ይችላል። የጦርነት አደጋ ኢንሹራንስ ከተራው ኢንሹራንስ የተለየ ውል ስለሆነ፣ ኢንሹራንስ ሰጪው ሽፋኑን ካነሳ አውሮፕላኑ መነሳት አይችልም። በመጨረሻም ቀላል የሚመስለው ነገር አለ፦ ከከተማ ወደ ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ፈታሹ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውና የመቆጣጠሪያ ማማው ባለሙያ ሥራ ካልገቡ፣ መንደርደሪያው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማረፊያው ዝግ ነው።

ባሕር ዳር ራሷ የምትወስነው ነገር የለም?

አለ፤ ወፍ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነስቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይሄድ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ፤ አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመልሱት ቢሞክሩም ሞተሮቹ ጉልበት አጡ፤ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በዓለም የአቪዬሽን ታሪክ ስለ ወፍ አደጋ ሲጻፍ ባሕር ዳር የምትጠቀሰው በዚህ ነው።

ሐይቅ፣ ረግረግና የእህል ማሳ ባለበት ቦታ ወፍን ማጥፋት አይቻልም፤ አይገባምም። የሚቻለው ወፍ ወደ መንደርደሪያው የሚጠራበትን ምክንያት መቀነስ ነው፦ ሣሩን በልኩ ማጨድ፣ ውሃ የሚያቁሩ ጉድጓዶችን መድፈን፣ በአጥሩ ዙሪያ እህል እንዳይበተን ማድረግ። ለቆሻሻ መጣያ ስፍራዎች የተለመደው የዓለም አቀፍ ምክር ከአውሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ውጭ እንዲሆኑ ነው፤ ይህ ክብ ባሕር ዳር ላይ ሲሰመር ከተማዋን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይውጣታል። ስለዚህ የቄራው አንጀት የሚጣልበት፣ ዓሣ አራጆች ሐይቁ ዳር ጭንቅላትና ቅርፊት የሚደፉበት፣ ጥንብ አንሳውና ፔሊካኑ ተሰልፈው የሚጠብቁበት ቦታ ሁሉ በበረራው ክብ ውስጥ ነው፤ ያን ቦታ የሚመርጠው ደግሞ ቦሌ ያለ የበረራ ዕቅድ ክፍል ሳይሆን የከተማዋ ማዘጋጃ ቤትና ነዋሪው ነው።